ሁለት ምስክር ለአንድ ጆንያ

ሸክም ይዞ የማያውቅ ሰው ከባዱ ነገር ዕቃው ይመስለዋል። ዕቃስ አንዴ ትከሻ ላይ ከተመቻቸ አደብ ይገዛል፤ ከባዱ ቤቱን ማግኘት ነው። እኔ በጃንሆይ ጊዜ፣ ዘመኑ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ከአውቶቡስ ተራ ዕቃ እየተሸከምኩ ኮልፌና ቀራንዮ አደርስ ነበር። ዘመድ ለዘመዱ የላከው ቅቤ፣ በርበሬ፣ ማር፣ አንዳንዴም ምንነቱ የማይታወቅ ነገር በሾፌር እጅ ይመጣል። ከሾፌሩ እኔ እቀበላለሁ፣ ከእኔ ባለቤቱ ይቀበላል። ሲያወሩት ቀላል ነው። ሲያወሩት የማይቀል ሥራ ደግሞ የት አለ?

የቤት ቁጥር እንዳትሉኝ። ቁጥር ቢኖርስ ማን ሊያነብልኝ? ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህንንም የምትጽፈው ልጄ ናት፣ «አባዬ፣ እስቲ ትንሽ አብራራው» እያለች። የዚያን ጊዜ አድራሻ የሚኖረው ሰው አፍ ላይ ነበር። «ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብለህ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ነጭ በሬ የታሰረበት ግቢ» ይሉሃል። ትሄዳለህ። በሬው ተሽጧል። ነጭ በሬ የነበረው ሰው ቤት የቱ ነው ብለህ ስትጠይቅ የበሬ ነጋዴ ነው ብለው ሌላ በሬ ያሳዩሃል። «ውሻ አለ፣ ግን አይናከስም» የሚሉም አሉ። ይህን ለእኔ ነገሩኝ እንጂ ለውሻው የነገረው የለም።

ደግሞ እኔ ወሬ አላበዛም። እናቴ «ይሄ ልጅ ቃሉን ለክፉ ቀን ያስቀምጣል» ትል ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ አባቶች። እውነት ነው፣ ዝንብ ገብቶብኝ አያውቅም። አንድ ቀን ግን በዚሁ ዝም ባለ አፌ ምክንያት አንድ ሰፈር ሙሉ ለቅሶ ገባ። ልነግራችሁ የፈለግሁት እሱን ነው።

በፊት ግን ስለ ሕጌ ልንገራችሁ። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ሴትዮ አንድ እንስራ ቅቤ ከእጄ ተቀብላ፣ በሳምንቱ ልጇ ሲመጣ «ኧረ ምንም አልደረሰኝም» ብላ ካደች። ለምን አላስፈረምካትም ትሉ ይሆናል። ማን አስፈርሞ ማን ይፈርማል? እሷ አትጽፍ፣ እኔ አላነብ። ቅቤው ራሷ ላይ እያበራ መድኃኔዓለምን ጠርታ ማለች። ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣሁ። ጃንሆይ ሕገ መንግሥት ነበራቸው፤ እኔም ነበረኝ፣ የእኔው ሁለት አንቀጽ ብቻ ቢሆንም። አንደኛ፣ የባለቤቱን በር ከማንኳኳቴ በፊት ጎረቤት እጠይቃለሁ፤ ይህ ስለ ውሻ ነው። ሁለተኛ፣ ዕቃ የማስረክበው ሁለት ታማኝ ምስክር ባለበት ነው፤ ይህ ስለ ቅቤ ነው። በዚህ ሕግ ስኖር ብዙ ዘመን ማንም አልካደኝም፤ ውሻም የነከሰኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

እንግዲህ ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ገና ሳይደርቅ፣ አንድ ጠዋት የደሴ አውቶቡስ ሾፌር አፉ በሲባጎ የተሰፋ ጆንያ ትከሻዬ ላይ ጫነልኝ። «ከአሰብ ነው። በጭነት መኪና ደሴ ደረሰ፣ ከደሴ እኔ አመጣሁት። ለወይዘሮ ደብሪቱ ነው፤ ቀራንዮ፣ ከወልዴ ሱቅ ጀርባ» አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ማን ላከው፣ ምን አለበት፣ ላኪው ምን በል አለ ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ «እሺ» አልኩ። ያቺ «እሺ» ስንት ሰው እንዳስለቀሰች አሁን ታያላችሁ።

በጦር ኃይሎች አድርጌ፣ ጭቃውን ከድንጋይ ድንጋይ እየተሻገርኩ፣ ረፋዱ ላይ ቀራንዮ ደረስኩ። ጋሽ ወልዴ ስኳር ይመዝናል። ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ እዚያው ሲነግድ የሸበተ ሰው ነው። ዓይኑን ከሚዛኑ ሳያነሳ «ምን ልስጥህ ወንድሜ?» አለኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ድምፄ መቼም ከፍ ብሎ አያውቅም፣ «ወይዘሮ ደብሪቱ እቤት አሉ?» አልኩት። አሉ፣ ምነው አለኝ። «ከአሰብ ነው» አልኩ። ሚዛኑ ትንሽ ተወዛወዘ። «ሰው አብሯቸው አለ?» አልኩት። የለም፣ ብቻቸውን ናቸው አለ። «እንግዲያው አይሆንም፤ ብቻቸውን እያሉ ደግ አይደለም። ሁለት ታማኝ ሰው ጥራልኝና አብረን እንግባ።»

ስኳር የሚሰፍርበት ጣሳ ከእጁ ወደቀ። መጀመሪያ እኔን አየኝ፣ ቀጥሎ ጆንያውን አየ። «ልብሱ ነው?» አለኝ በሹክሹክታ። ጆንያውን ጫን ጫን አድርጌ «ልብስ ሳይሆን አይቀርም፤ ለስለስ ይላል» አልኩት። አልዋሸሁም፣ ለስለስ ይል ነበር።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጋሽ ወልዴ እኔን «አንተ» ማለቱን ተወ። «ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ መንገዱ አድክሞዎታል» ሆነ ነገሩ። ዕድሜ ልኬን ዕቃ ተሸክሜ ማንም «እርስዎ» ብሎኝ አያውቅም። በጠራራ ፀሐይ ሱቁን ዘጋና ከኋላ ወዳለው ቤቱ አስገባኝ። ሚስቱ ብርቄ እግሬን አጠበችኝ። እንጀራ በሽሮ ቀረበ፣ ጠላም ተቀዳ። እኔ በልቤ፣ ምስክርነትን እንዲህ የሚያከብር ሰፈር አየሁ፣ ቀራንዮ ሰው ሞልቷል እላለሁ።

ብዙም ሳይቆይ የዕድሩ ዳኛ አቶ ተሰማ መጡ፤ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፣ ሲቀመጡ እንኳ ደረታቸው ይሰለፋል። ከዚያ አንዲት ሴት ገባች። ሌላዋ ተከተለች። ሁለት ብል አሥራ ሁለት ሆኑ። እየገቡ እኔን ያያሉ፣ ጥግ ላይ ያለውን ጆንያ ያያሉ፣ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ኮቴ በጣም አርጅቶ ይሆናል ብዬ ክርኔን ሸሸግሁ። ነጠላቸውን እንዴት እንደለበሱት አላስተዋልኩም፤ እኔ የማስተውለው ሽሮውን ነበር።

ጎኔ ሆነው ይመካከራሉ። አንዷ «ዛሬ አይሆንም፣ እህል አልቀመሱም» ትላለች። ብርቄ «ልባቸውም ደካማ ነው» ትላለች። በመጨረሻ አቶ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠርገው «መርዶ በረፋድ አይነገርም። ነገ በማለዳ ተሰብስበን እንገባለን፤ እንግዳውም እዚሁ ያድራል» ብለው ፈረዱ።

የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት። መርዶ? መርዶ እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ የለም። ነጋሪው የባለቤቱን በር አያንኳኳም፣ መጀመሪያ ጎረቤት ይገባል። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ብቻዋን ናት ወይ ይላል። ታማኝ ሰዎች ያስጠራል። ለካ እኔ ሕግ አወጣሁ ስል የመርዶን ሕግ ሳላውቀው አንድ በአንድ ገልብጬው ኖሯል!

«የለም፣ እኔ ዕቃ አድራሽ ነኝ» አልኩ። አቶ ተሰማ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና «እናውቃለን፣ እናውቃለን። መልእክተኛ ምን ያድርግ» አሉኝ። «ኧረ ማንም ሞተ ብሎ አልነገረኝም» አልኩ። ብርቄ «ሞተ ብሎ ማን ይልካል፣ ልብሱን ነው እንጂ የሚልኩት» ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ነገሩንም ያወጣችልኝ እሷው ናት። ወይዘሮ ደብሪቱ አንድ ልጅ አላቸው፣ ግዛው የሚባል። ጨው ማምረቻ ልቀጠር ብሎ አሰብ ከወረደ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። እናቲቱ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ሱቁ በር ላይ ቆመው «ወልዴ፣ ከአሰብ የመጣ ሰው የለም?» ሳይሉ አይገቡም። እሱም «የለም እትዬ» ይላቸዋል። ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቁት ሰው መጣ። እኔ ነኝ።

ያን ስሰማ ጆንያውን አየሁት። ማን ነው የላከው? አልጠየቅሁም። የሟች ልብስ ይሆን? አላውቅም። አልሞተም ብዬ እንዳልምል፣ አላየሁትም። ሞቷል እንዳልል፣ አላየሁትም። አውቶቡስ ተራ ቆሜ አንዲት ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ፣ እነዚህ ሰዎች አሁን ሥራ ሥራቸው ላይ ነበሩ። የማላውቃት እናት ታሳዝነኝ ጀመር፤ እንባዬ መጣና ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ይሄ ደግሞ ነገሩን አጸናው። «አያችሁ፣ እሱም አልቻለም» ተባባሉ።

አቶ ተሰማ ሰንጢያቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ይከፈትና ይለይለት!» አሉ። እኔ ተነስቼ ጆንያውን አቀፍኩት። ዕድሜዬን ያስቀመጥኩትን ቃል ያን ዕለት አወጣሁት መሰለኝ፦ «የሰው ዕቃ ከፍቼ አላውቅም፣ አስከፍቼም አላውቅም። ልጁ ሞቶ እንደሆነ፣ ልብሱን ቀድመው ማየት ያለባቸው እናቱ ናቸው። አልሞተም እንደሆነ፣ ስጦታውን ቀድመው ማየት ያለባቸው እናቱ ናቸው። በየትም በኩል ቢዞር ጆንያው የእሳቸው ነው።» አቶ ተሰማ ሰንጢውን አጠፉ። ጋሽ ወልዴ «እውነቱን ነው፣ የተቋጠረ የባለቤቱ ነው» አለ፤ ነጋዴ ነዋ።

ሰው ያሰበው ሌላ፣ እግዜር ያሰበው ሌላ። ለካስ ወይዘሮ ደብሪቱ ላምባ አልቆባቸው ጠርሙሳቸውን ይዘው ሱቅ ሲመጡ ተዘግቶ አገኙት። ወልዴ በቀን ሱቅ ዘግቶ አያውቅም፤ ልጁን ሲድር እንኳ መስኮቷን ክፍት ትቶ ነበር ይባላል። ምን ነካው ብለው በጓሮ ዞረው ሲገቡ፣ ቤቱ ሰው ሞልቶ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ዓይኑ ያልቀላ የለም። ምን ይምሰላቸው? የወልዴ ቤት ሰው የሞተበት መሰላቸው እንጂ!

«ወየው! ማን ነው? ብርቄ፣ እናትሽ ናቸው?» ብለው አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ። ብርቄ የባሰውን አለቀሰች። «ምነው ደበቃችሁኝ? እኔ ሩቅ ነኝ? የማን ጎረቤት ነኝ?» እያሉ ከአንዷ አንገት ወደ ሌላዋ ይሄዳሉ። «በቃ፣ አይዟችሁ፣ የእግዜር ሥራ ነው። እኔስ ሁለት ዓመት ሙሉ የልጄን ድምፅ ሳልሰማ ችዬ የለም ወይ?» ሲሉማ ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። የሚያጽናኑት እሳቸው፣ የምናለቅሰው እኛ፣ የሚለቀሰውም ለእሳቸው። እንዲህ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም። የዕድሩ ጥሩንባ ነፊ ደግሞ በዚያ ሲያልፍ ጩኸቱን ሰማና ጥሩንባውን አፉ ላይ ደገነ። የሞተውን አልጠየቀም፤ እሱ የሚነፋ እንጂ የሚያጣራ አይደለም።

እኔ ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ጆንያውን ተሸክሜ ፊታቸው ቆምኩ። «ወይዘሮ ደብሪቱ እርስዎ ነዎት?» አልኳቸው። «ነኝ። አንተ ደግሞ ከሟች ወገን ነህ?» አሉኝ። «ከአሰብ ዕቃ አለዎት» አልኩና ቤቱን ዞር ብዬ አየሁት። «ምስክርም ይበቃል።»

አቶ ተሰማ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ብርቄ ከኋላቸው ሄዳ ክንዷን ዘረጋች፣ ሲወድቁ ልትደግፋቸው። እሳቸው ግን አልወደቁም። መሬት ቁጭ አሉና ጆንያውን ጭናቸው ላይ ሳቡት። አልከፈቱትም። የተሰፋውን አፍ በጣታቸው ቀስ እያሉ ዳሰሱት፣ ልክ ልጄ ደብዳቤ ስታነብ በጣቷ እንደምትከተለው። «ወደ ግራ ነው የሚሄደው» አሉ። ማንም አልገባውም። «ስፌቱ ነው። ግዛው ግራኝ ነው። መርፌ ያስያዝኩት እኔ ነኝ፣ በቀኝህ እያልኩ ስንት ቀን እጁን መትቼዋለሁ። ይህን የሰፋው ልጄ ነው!»

አቶ ተሰማ ጠንቃቃ ዳኛ ናቸው፤ መቼም ዳኛ ሁለቱንም ወገን ካላየ አይሆንለትም። «እሱስ ደብሪቱ፣ ሳይታመም በፊት ሰፍቶት እንደሆነስ» አሉ።

«ማን ታመመ?» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ።

ያኔ ቀና ብለው የተዘቀዘቁትን ነጠላዎች አዩ። የብርቄን ክንድ አዩ። እኔን አዩ። እጃቸው ስፌቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ያን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፣ ባልረሳውም ይገባኛል፤ ያመጣሁት እኔ ነኝና። «ቢላ ስጡኝ» አሉ፤ ድምፃቸው ከእኔ ድምፅ ያነሰ ነበር። አቶ ተሰማ ሰንጢያቸውን ሰጧቸው። ጆንያውን አልቀደዱትም። የልጃቸውን ስፌት አንድ በአንድ፣ እየቆጠሩ ይመስል፣ ፈቱት።

መጀመሪያ የወጣው ቀሚስ ነው፣ አዲስ፣ አበባ ያለበት። ቀጥሎ የሴት ሹራብ ወጣ። ቀጥሎ ጥንድ ጫማ፣ የሴት። ብርቄ ክንዷን ቀስ ብላ ሰበሰበች። ከጆንያው ሥር ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ ፎቶግራፍ ወጣ። አንድ ወፍራም ጎረምሳ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ያንኑ አበባ ያለበትን ቀሚስ በግራ እጁ ከፍ አድርጎ ይዟል፣ ያንኑ ሹራብ አንገቱ ላይ ጠምጥሟል፣ ጫማዎቹንም በቀኝ ብብቱ ወሽቋቸዋል። ለካ መጻፍ አይችልም፤ የላከውን ዕቃ ሁሉ ይዞ ፎቶ ተነስቶ ኖሯል፣ መንገድ ላይ አንዱ ቢጎድል እናቱ እንድታውቅ። እኔን በሌብነት ጠርጥሮ! በልቤ ቅር አለኝ፤ ግን ሕግ ያለው ሰው እኔ ብቻ አለመሆኔን ሳይ ወደድኩት።

እናቱ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አዘንብለው አዩት፣ አዩት፣ አዩት። «ከስቷል» አሉ። ጉንጩ ሊፈነዳ የደረሰውን ልጅ! ከዚያ ፎቶውን ደረታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። በዚያ ቤት ያን ቀን በትክክል የተለቀሰው ያ ብቻ ነው።

ጋሽ ወልዴ ጣራውን እስኪያነሳው ሳቀ፣ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ይሁን እንጂ ጥሩንባው ሥራውን ሠርቶ ነበር። የላይኛው ሰፈር ሰው «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ በእልልታው መሐል ደረሰ፤ ከኋላው የዕድሩ ድንኳን በአራት ሰው ትከሻ ይመጣል። ንፍሮውም ተጥዷል። አሁን ምን ይደረግ? አቶ ተሰማ ትንሽ አሰቡና ድንኳን አንዴ ከወጣ ሳይተከል አይመለስም ብለው ፈረዱ። ተተከለ። ተቀምጠን ለአንድ ወፍራም ሕያው ሰው ጤና የለቅሶ ንፍሮ በላን።

ወይዘሮ ደብሪቱ አዲሱን ሹራብ እንደለበሱ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ንፍሮ በእፍኛቸው ሰጡኝና «አንተ ሰው፣ ዕቃ አለ ብትል ምን ነበረበት?» አሉኝ።

«ብያለሁ እኮ» አልኩ።

«መቼ?»

«መጨረሻ ላይ።»

ሲስቁ ጥርሳቸውን አየሁት፤ ሁለት ዓመት የተሸሸገ ጥርስ ነው።

ግዛው የመጣው በዓመቱ ለፋሲካ ነው። አውቶቡስ ተራ ሲወርድ ከፎቶው ለየሁት፣ ሣጥኑን ተሸከምኩለት። «ቀራንዮ?» አልኩት። «አዎ» አለኝ። ሌላ የተባባልነው ነገር የለም፤ ሁለት ዝምተኛ አንድ መንገድ ላይ ሲገናኝ መንገዱም ይረዝማል። እርግጥ ሞቶ እንደነበር ልነግረው ይገባ ነበር። ጦር ኃይሎች ስንደርስ እነግረዋለሁ አልኩ፣ ጦር ኃይሎችን አለፍን። የቀራንዮ ቤተ ክርስቲያን ሲታየኝ እናቱ ይንገሩት ብዬ ተውኩት።

ነገሩት። መንገርም ብቻ አይደለም። ለቅሶ የደረሰን ሰው ሳያመሰግኑ መቅረት ነውር ነው ብለው፣ በፋሲካው ማግሥት ቤት ለቤት ሰደዱት፤ ቤቶቹን የማውቀው እኔ ስለሆንኩ አብሬ ዞርኩ። ልጁ በየበሩ ቆሞ፣ በሐፍረት ጆሮው ቀልቶ፣ «ስለ ለቅሶዬ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። እነሱም ይመርቁታል፣ እንዴት አድርገው እንዳለቀሱለትም እያስታወሱ ይነግሩታል። አንዷማ ያኔ ያመማት ወገቧ እስካሁን እንዳልተሻላት አሳየችው።

የመጨረሻው ቤት የአቶ ተሰማ ነበር። «ስለ ለቅሶዬ እግዜር ይስጥልኝ» አላቸው። አቶ ተሰማ ተነስተው ደረታቸውን ነፉ፣ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣሉ፣ ከልባቸውም እንዲህ አሉት፦

«ምን ውለታ አለው ልጄ። በሚቀጥለውም አንቀርም።»